ዘመን ያልሻራቸው ተውኔቶችና የደሴ ተመልካች፤ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

ተውኔት የሚለው ቃል «ተዋነየ» ከሚለው የግእዝ ግስ የተገኘ ሲሆን ፍቺውም ተጫወተ ማለት ነው። በአማርኛ ደግሞ «እስቲ ተጫወቱ» የሚባለው እንግዳ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ ነው፤ እንዲያወጋና ሲወጋም እንዲያደምጥ። ጥናቶቻችን ይህን የቃሉን መሠረት ችላ ያሉት ይመስለኛል። ሬይዱልፍ ሞልቬር በ1997 እ.ኤ.አ. «ጥቁር አንበሶች» በሚል ርእስ ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የደራስያንን ሕይወት ይተርካል። ጄን ፕላስቶው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብላ ያወጣችው ሥራ ደግሞ ቴአትርን ከፖለቲካ ጋር አያይዞ ይመረምራል። ሁለቱም ሥራዎች ለተማሪ እጅግ ጠቃሚ ናቸው። ይሁንና ከመድረኩ ማዶ፣ መብራቱ በማይደርስበት በኩል የተቀመጠው ሰው ምን ሰማ፣ ምንስ አስደሰተው የሚለው ጥያቄ በቅጡ ሳይጠየቅ ቆይቷል። ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖረው ተመልካች ጉዳይማ ጭራሽ አልተነሣም ማለት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከደሴ ሆኖ ለማየት ይሞክራል። ከደሴ ማየት ማለት ግን አዲስ አበባን መተው ማለት አይደለም፤ ነባሮቹ ተውኔቶች ሥጋና ደም የለበሱት እዚያ ነውና።

የዘመናዊ ቴአትራችን ታሪክ፣ እንደሚታወቀው፣ ሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የላ ፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው በጻፉት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ይጀምራል። በ1910ዎቹ መጀመሪያ ላይ በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ፤ የአውሬዎቹ ፌዝ ማንን እንደሚነካ ሲታወቅም ታገደ። ከዚያ የዮፍታሔ ንጉሤና የመላኩ በጎሰው ተውኔቶች መጡ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። በኅዳር 1948 ዓ.ም.፣ የዘውድ በዓሉ ኢዮቤልዩ ሲከበር፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተመረቀ። እነዚህን ዓመታት መልሼ መደርደሬ አንባቢው የማያውቃቸው ሆነው አይደለም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው አንድ ነገር ስላለ ነው፤ ይኸውም የጓዱ ነገር ነው። ቀደም ሲል ተውኔት በአብዛኛው ለበዓልና ለክብር እንግዳ ተዘጋጅቶ የሚያልፍ ድግስ ነበር። የሴት ገጸ ባሕርይን እንኳ ወንድ ነበር የሚጫወተው፤ በዚህስ ከሼክስፒር ዘመን እንግሊዝ ጋር ሳናውቀው ተገናኝተናል። ደመወዝተኛ ተዋንያን፣ የራስ መድረክ፣ የልብስ ክፍልና ልምምድ የሚደረግበት ሰዓት በአንድነት ሲገኙ ግን አንድ ተውኔት ሊከርም፣ ተዋናይም በአንድ ሚና ውስጥ ሊበስል ቻለ። ተመልካቹም ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ መጥቶ ያንኑ ንግግር ከሌላ አፍ ሊሰማ ቻለ። አንድን ተውኔት ክላሲክ የሚያደርገው ይህ መመላለስ ነው እላለሁ። መጽሐፉ መታተሙ ብቻ አይበቃም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደዚህ ቤት የመጣው በተመቸ ሰዓት ነበር። ቺካጎ ሕግ ተምሮ፣ ለንደን በሮያል ኮርት፣ ፓሪስ በኮሜዲ ፍራንሴዝ የቴአትርን አሠራር ቀስሞ ተመለሰ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከራሱ ድርሰቶች ጎን የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት»ና «ማክቤዝ»፣ የሞልየርን «ታርቲዩፍ»ና «የፌዝ ዶክተር» ወደ አማርኛ አመጣ። ከእሱ በፊት ከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልዬት»ን ተርጉመው መንገዱን ጠርገው ነበር። ጸጋዬ ያመጣው አዲስ ነገር የትንፋሹ ርዝመት ነው። በስድስት በስድስት ቀለም የሚሄደው ወል ቤት ለምሬትና ለእንጉርጉሮ ይመቻል፤ ለክርክር ግን ያጥራል፤ ሐሳቡ ገና ሲነሣ ቤቱ ይመታል። ስምንት በስምንት የሚሄደው፣ በኋላ «የጸጋዬ ቤት» የተባለው ስንኝ ግን ለተዋናዩ የሚራመድበት ስፍራ ይሰጠዋል። ተማሪዎች ይህን ልዩነት በቀለም ቆጠራ ያጠኑታል። ቆጠራው አይጎዳም፤ ግን ስንኙ የተሠራው ለጣት ሳይሆን ለሳንባ ነው። ጮክ ብሎ ያልተነበበ ኦቴሎ ገና አልተነበበም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከእነዚህ ሁሉ «ኦቴሎ» ለአማርኛ አድማጭ ለምን ይበልጥ ቀረበው? ቅናት የሁሉ ሰው ደዌ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። በበኩሌ ምክንያቱ ከቅኔ ባህላችን ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ኢያጎ በሚናገረው ሁሉ ውስጥ ሰምና ወርቅ አለ። ለኦቴሎ ሲናገር ታማኝ አሽከር ነው፤ ኦቴሎ ዞር ሲል ለእኛ የሆዱን ይነግረናል። በቅኔ ሰሙን ሁሉ ይሰማዋል፣ ወርቁን የሚያገኘው ሊቁ ብቻ ነው። እዚህ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ጀግናው፣ የጦር አዛዡ፣ ሰሙን ይዞ ሲቀር ወርቁ በጀርባ ወንበር የተቀመጠው ተራ ተመልካች እጅ ገባ። በቅኔ ማኅሌት ደጅ ቆሞ ለዘመናት «ምን አሉ?» ሲል የኖረ ሕዝብ ለአንድ ምሽት ከሊቁ በላይ አወቀ ማለት ነው። ማወቁ ግን አይረዳውም፤ ወደ መድረኩ ወጥቶ «ተው፣ እያታለለህ ነው» ሊል አይችልም። ደስታውና ጭንቁ የተገመዱት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ደሴ እንመለስ። ኦቴሎ ማነው? ከሌላ ሕዝብና ከሌላ እምነት የተገኘ፣ ኋላ የተጠመቀ፣ በጦር ችሎታው ቬኒስ የማትለቀው፣ የአንዲት የባላባት ልጅ ያገባ ሰው ነው። መጠመቁን ሼክስፒር በቀጥታ አይተርክልንም፤ ኢያጎ ግን በሁለተኛው ገቢር ይጠቅሰዋል። ነጭና ጥቁር ተዋናይ ተቃርኖ በሚቆምበት የአውሮፓ መድረክ የቆዳው ቀለም ሁሉን ይሸፍነዋል። ሁሉም ተዋናይ ኢትዮጵያዊ በሆነበት መድረክ ግን ቀለሙ ወደ ኋላ ይልና የቀሩት ጥያቄዎች ጎልተው ይታያሉ፤ መጤነት፣ ጥምቀት፣ ጋብቻ።

የደሴ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ከከተማው በስተሰሜን በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ ፊት የተደረገው ጉባኤ የወሎን መሳፍንት በጥምቀትና በሹመት መካከል አቁሟቸዋል። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው፣ ዐፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆነዋቸው፣ ራስ ሚካኤል ተባሉ። በኋላ የዐፄ ምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፤ ልጅ ኢያሱ ተወለዱ። በጦርነት ታዋቂ ነበሩ፤ ንጉሥ ተባሉ፤ ደሴንም መዲናቸው አደረጉ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ተሸንፈው ተማረኩ። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን ከመውረዳቸው በፊትና በኋላ በሁለቱም ላይ ሲነዛ የነበረው ክስ ስለ እምነታቸውና ስለ ትውልዳቸው ምን ይል እንደነበር ማንም የታሪክ ተማሪ ያውቀዋል። ተጠመቀ እንጂ መች ሆነ የሚለው ሹክሹክታ የኢያጎ ሹክሹክታ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ኦቴሎ ናቸው እያልሁ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል፤ ሚስታቸውን አልገደሉም፤ አወዳደቃቸውም የቤት ሳይሆን የአገር ጉዳይ ነበር። ዳሩ ግን በጦሳ ተራራ ግርጌ ኦቴሎን የሚያዳምጥ ሰው የሚያደምጠው የቬኒስን ብቻ ሳይሆን የአያቱንም ታሪክ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በሚኖሩበት፣ ወንድም ለወንድሙ ሥጋ ለይቶ በሚያቀርብበት አገር «ያንተ አይደለችም» የሚለው ቃል ክብደቱ ሌላ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ትንሽ ነጥብ ልጨምር። የዴዝዴሞና አባት ልጄን በመስተፋቅር ነው የወሰዳት ብሎ ይከስሳል። ኦቴሎም በሸንጎው ፊት ቆሞ ያገኘኋት ያሳለፍኩትን መከራ እየተረክሁላት ነው፣ አስማቴም ይኸው ብቻ ነው ሲል ይመልሳል። በጨዋታ ነው ያገኛት! ከላይ ያነሣነው «ተዋነየ» እዚህ ተመልሶ መጣ። ስለ መሐረቡም ግብጻዊት ባለ መድኃኒት ለእናቱ የሰጠቻት፣ በድሩ ውስጥ ኃይል ያለበት ነው ይላል። የአውሮፓ ሐያስያን በዚህ መሐረብ ብዙ ተቸግረዋል፤ ቁም ነገር ያለው አሳዛኝ ተውኔት በጨርቅ ይንጠለጠላል ወይ እያሉ ያፌዙም ነበሩ። ክታብ የሚያውቅ ተመልካች ግን አይቸገርም። ከእናት የወረደ ክታብ የጣለች ሚስት ምን እንዳጠፋች ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

መንግሥቱ ለማ ይህንኑ የጋብቻ ጥያቄ በሣቅ ነው ያነሡት። «ያላቻ ጋብቻ»ን ከኦቴሎ ቀጥሎ ያነበበ ሰው ሁለቱ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ መሆናቸውን ያያል። ባሕር ማዶ የተማረው የመኳንንት ልጅ ከተማውንና ሹመቱን ትቶ ገጠር ወርዶ ማስተማር ይመርጣል፤ ልቡ የወደደውም አገልጋዩን ነው። የትውልድ ሐረግ የሚቆጥሩት አክስት ሲመጡ ቤቱ ይናወጣል። «ጠልፎ በኪሴ» ደግሞ ጠለፋን በዘመናዮቹ ወጣቶች እጅ አስገብቶ ያስቅበታል። መንግሥቱ አማርኛቸው ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ የቤተ ክህነት ትምህርት የፈለቀ ሆኖ ሳለ፣ ለንደን ሳሉ ያዩት የኮሜዲ አሠራር ገብቶበታልና ንግግሩ ቀልጣፋ ነው፤ ሣቁ የሚመጣው ከቀልድ ሳይሆን ከሁኔታው ነው። ብዙ ጊዜ ስለ መንግሥቱ ሲጻፍ «ማኅበራዊ ሒስ» የሚል ሐረግ ይለጠፍባቸዋል። ሒሱ አለ። ነገር ግን አክስቲቱ ስትናገር ሰው የሚስቀው የፊውዳል ሥርዓትን ስለተቸ አይደለም፤ የራሱን አክስት ስላገኘ ነው።

እንግዲህ የወሎ ተመልካች ለነባሮቹ ተውኔቶች ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ በቋሚነት የሚያሳይለት ጓድ ለምን አላገኘም? ምክንያቱ የመድረክ ጥበብ እጦት አይደለም። ሌሊት በየደጁ እየዞሩ የቤቱን ባለቤት በስሙ እየጠሩ የሚያወድሱት ላሊበሎች፣ በሐድራ የሚወረደው የጀማ ንጉሥና የዳና መንዙማ፣ ባቲና አምባሰል ብለው ከነስማቸው ከወሎ የተነሡት ቅኝቶች፣ የለቅሶ ቤት አልቃሾች፣ እነዚህ ሁሉ ድምፅንና ተመልካችን አገናኝተው የሚኖሩ ጥበቦች ናቸው። ከአብዮቱ በኋላ በየቀበሌው፣ በየገበሬ ማኅበሩ፣ በየፋብሪካውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ሲቋቋም የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን ከሁሉ ቀድሞ ስሙ የተጠራው በዚህ ሀብት ላይ ስለቆመ ነው። እነ ማሪቱ ለገሰን ለአገር ያስተዋወቀው ይህ ቡድን ነው።

የኪነት ምሽት ግን የራሱ ቅርፅ ነበረው። ዘፈን፣ ውዝዋዜ፣ ግጥም፣ ከመካከሉም አጭር ድራማ፤ ድራማው የሚነሣው ከዕለቱ መፈክር ነው፤ መሠረተ ትምህርት፣ ምርት ማሳደግ፣ ዘመቻ። መፈክሩ ሲለወጥ ድራማው ይሞታል። ዘፈኑ ግን አይሞትም፤ ትዝታ መፈክር አልነበረምና። ለዚህ ይመስለኛል ከዚያ ዘመን የቀረልን ዜማው ብቻ የሆነው። ቡድኖቹ ድምፃውያንን አብስለዋል፤ ተወዛዋዦችን አብስለዋል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚቆም ተዋናይ ለማብሰል ግን ሁለት ሰዓት ተኩል የሚቆም ተውኔት ያስፈልጋል። በ1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የቴአትር ጥበባት ክፍልም ያስመረቃቸው ባለሙያዎች በብዛት እዚያው አዲስ አበባ ባሉት ቤቶች ዙሪያ ነው የሰበሰባቸው ጥሪ ያገኙት።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው የሒሳብ ነው። የአዲስ አበባ አሠራር አንድን ተውኔት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እያሳዩ ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ማስኬድ ነው። ለዚህ በየሳምንቱ አዲስ ተመልካች የምታቀርብ ትልቅ ከተማ ትፈልጋለች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የደሴ የከተማ ነዋሪ 120,095፣ የኮምቦልቻ 58,667 ነበር፤ በድምሩ 178,762። በዚህ ቁጥር አንድ ተውኔት ዓመት አይቆይም፤ በሁለተኛው ወር አዳራሹ ባዶ ይሆናል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ክፍለ ሀገር ቴአትር አይሸከምም ብሎ ይደመድማል።

ድምዳሜው ስሕተት ነው። ሼክስፒር «ኦቴሎ»ን የጻፈላት ለንደን በ1600 እ.ኤ.አ. ገደማ የሕዝቧ ቁጥር ከ200,000 ብዙ የራቀ አልነበረም። ከደሴና ከኮምቦልቻ ድምር ጋር የሚቀራረብ ነው ማለት ነው፤ ጓዶቹ ደግሞ ከአንድ በላይ ነበሩ። እንዴት ኖሩ? በመለዋወጥ። የፊሊፕ ሄንዝሎ የሒሳብ መዝገብ እንደሚያሳየው አንድ ጓድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሠላሳ በላይ ተውኔቶችን ያቀርብ ነበር፤ ዛሬ የታየው ነገ አይታይም፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ተመልካቹ ያው ነው፤ ተውኔቱ ነው የሚለዋወጠው። ሞልየርም ቢሆን ፓሪስ ላይ በዕዳ ከተሰበረ በኋላ ለ13 ዓመት ያህል ጓዱን ይዞ በፈረንሳይ አውራጃዎች ዞሯል፤ በ1658 እ.ኤ.አ. የተመለሰው የበሰለ ጓድ ይዞ ነው። አነስተኛ ከተማ የሚያስፈልገው ዓመት የሚቆይ አንድ አዲስ ተውኔት ሳይሆን እየተፈራረቁ የሚመጡ ስድስት ሰባት ነባር ተውኔቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ በእጃችን አሉ፤ ታትመዋል፤ ተማሪው በስም ያውቃቸዋል።

በስም ብቻ ማወቁ ነው ችግሩ። ሆጤ አካባቢ ያደገ ልጅ ኳስን የሚያውቀው ስታዲየም ገብቶ ነው፤ ስለ ኳስ የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ አይደለም። ተውኔትን ግን የሚያውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ በተቆረጠ ሁለት ገጽ ነው፤ ከሥሩም «የታሪኩ ግጭት ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባም ያው ጥያቄ ረዝሞ ይጠብቀዋል። እኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ለዚህ ከተጠያቂነት ነጻ አይደለንም። የገጸ ባሕርይ ትንተና ለማረም ይመቻል፤ ተማሪ አቁሞ ኢያጎን ማስነበብ ግን ክፍለ ጊዜ ይበላል፤ የጎረቤት ክፍልም ይረብሻል።

ለታሪክ ጸሐፊውም ጊዜው እየጠበበ ነው። የመድረክ ታሪክ የሚጻፍባቸው ማስረጃዎች የታይፕ ቅጂ፣ የግድግዳ ማስታወቂያ፣ ፎቶግራፍና የሰው ትዝታ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በነበረበት ወቅት ወሎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበት ውድመት ይታወቃል፤ በየግለሰቡ ቤት፣ በየሣጥኑ የጠፋውን ግን የቆጠረው የለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በኪነት ቡድን የገባ የሃያ ዓመት ወጣት ዛሬ ስድሳውን አልፏል። የዚያን ትውልድ ቃል በድምፅ መቅረጫ መያዝ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለሚፈልግ ተማሪ ከአሥረኛው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ትንተና ይልቅ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ስለ ዘፈኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ተረሳው ድራማ ጭምር ይጠየቁ፤ ማን ጻፈው፣ ስንት ቀን ተለማመዱት፣ ተመልካቹ የሣቀው የት ላይ ነው?

በደሴ የንጉሥ ሚካኤል ግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ደሀውንም ሀብታሙንም አይጠየፍም ለማለት ነው። ለቴአትር ቤት ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁም፤ ቅርሱ ይነካ ማለቴ ግን አይደለም።

ጓድ ለማቋቋም የሚያስቡ ካሉ በኦቴሎ ባይጀምሩ ይሻላል፤ ልብሱና የተዋናዩ ብዛት ያደክማቸዋል። መንግሥቱ ለማ ከቼኾቭ «ድቡ» ወደ አማርኛ የመለሱት «ዳንዴው ጨቡዴ» አለ። በዋናው ድርሰት ያሉት ሰዎች ሦስት ናቸው፤ ባሏ የሞተባት ወይዘሮ፣ ዕዳ ሊቀበል የመጣ ቁጡ ሰውና አንድ ሽማግሌ አሽከር። ቦታው አንድ ክፍል ነው፤ ጊዜውም ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደሴ ታይቶ፣ እሑድ ዕቃው በአንድ ሚኒባስ ተጭኖ በቦርከና በኩል ኮምቦልቻ ሊወርድ ይችላል።